በወንጀል ነፃ ወጣ ማለት ካሳ አይከፍልም ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይምታታበታል። የወንጀል ክስ በአብዛኛው የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ዓላማው ጥፋተኛን መቅጣት ነው። የካሳ ክስ ግን የተጎጂው የራሱ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ጉዳቴን ማን ይሸፍን?

የሚፈለገው የማስረጃ መጠንም ይለያያል። በወንጀል ችሎት ዳኛው በቂ ጥርጣሬ ካደረበት ተከሳሹን ይለቀዋል። የካሳ ክስ በሚታይበት በፍትሐ ብሔር ችሎት ግን በብዙ አገሮች የከሳሹ ማስረጃ ሚዛን ከደፋ ይበቃል። ስለዚህ ሰው ገጭቶ ከወንጀሉ ክስ ነፃ የወጣ ሾፌር፣ የተጎጂውን የሕክምና ወጪና በጉዳቱ ምክንያት የቀረበትን ደሞዝ ክፈል ሊባል ይችላል።

መጎዳት ብቻውን ግን አያስረታም። ጉዳቱ በተከሳሹ ድርጊት መድረሱን ማሳየት ያስፈልጋል። ከባዱም ይኼ ነው። እግርዎን ቀድሞም ያምዎት ከነበረ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ይህን ሳያነሳ አያልፍም። ስለዚህ የሐኪም ወረቀትና ደረሰኝ አይጣሉ። እርስዎም ጥፋት ካለብዎት ካሳው ሊቀነስ ይችላል።

ደግሞ ይርጋ አለ። ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ፣ የቱንም ያህል እውነት ይዘው ቢሄዱ ተከሳሹ ይህንኑ ጠቅሶ መዝገቡን ሊያዘጋው ይችላል። ‹‹ከኢንሹራንሱ ጋር እየተደራደርን ነው›› ብሎ መዘናጋት ብዙ ሰው ጉድ የሚሆንበት ነገር ነው።