ዩኒየንና ሌበር ፓርቲ፦ ስለ ሕዝብ አገልግሎት ለመነጋገር ለሚሄዱ አባላት፣ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በብሪታንያ ሆስፒታል፣ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር)፣ አውቶቡስና የአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አባል የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ችግር ሲገጥማቸው ነው። ቆየት ሲሉ ደግሞ ቅርንጫፉ «የሌበር ሰዎችን እናነጋግር» ይልና ቀጠሮ ያስይዛል። ቀጠሮው ፎቶ ተነሥቶ ከመመለስ እንዳያልፍ የሚያደርጉት በአባላት መካከል የሚዘዋወሩ ጥቂት የተሳሳቱ ግምቶች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ዩኒየን ከገባሁ የሌበር አባል ሆኛለሁ፤ መዋጮዬም ለፓርቲው ይሄዳል»

የሠራተኞች ማኅበሩ ኢሠአማ ፈርሶ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የነበረው መኢሠማ የተተካበትን የደርግ ዘመን የሚያስታውስ ሰው እንዲህ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የዚህ አገር ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1900 ለንደን ላይ ከሶሻሊስት ቡድኖች ጋር ተሰብስበው ሌበርን የፈጠሩት ማኅበራቱ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ከፓርቲው ጋር በአባልነት የተሳሰሩት ዩኒሰን፣ ዩናይትና ጂኤምቢን ጨምሮ አሥራ አንድ ገደማ ናቸው። የመምህራኑ ኤንኢዩ፣ የነርሶቹ አርሲኤን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ፒሲኤስ አልተሳሰሩም። የባቡር ሠራተኞቹን አርኤምቲ ፓርቲው በ2004 አስወጥቶታል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ኤፍቢዩ በዚያው ዓመት በራሱ ፈቃድ ወጥቶ በ2015 ተመልሷል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከ1913 ጀምሮ ለፖለቲካ የሚወጣ ሳንቲም ከመደበኛው ካዝና ሊወጣ አይችልም። አባላት ድምፅ የሰጡበት የተለየ የፖለቲካ ፈንድ መኖር አለበት፤ የማይፈልግ አባልም መውጣት ይችላል፣ በመውጣቱም የሚጓደልበት መብት የለም። የ2016ቱ ሕግ ከማርች 1 ቀን 2018 ጀምሮ የሚገቡ አባላት «እፈልጋለሁ» ብለው ካልመረጡ እንዳይከፍሉ አድርጎ ነበር፤ የ2025ቱ የሥራ መብቶች ሕግ ደግሞ ወደ ቀድሞው ሥርዓት መልሶታል። ስለዚህ መቼ እንደገቡና ፎርሙ ላይ ምን እንደመረጡ የቅርንጫፉን ጸሐፊ ይጠይቁ። ዩኒሰን ውስጥ ፈንዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሌበር፣ አንዱ ከፓርቲ ውጭ ለሆነ ዘመቻ።

ሌበርን የሚጠላ አባልም ቢሆን ከሁለቱም ፈንድ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ቢያውቅ ጥሩ ነው። በ1987 የዩኒሰን ቀዳሚ የነበረው ናልጎ ምርጫ ሲቃረብ የሕዝብ አገልግሎት ቅነሳን የሚቃወም ዘመቻ ከፈተ። የፖለቲካ ፈንድ ስላልነበረው ፍርድ ቤት ዘመቻውን ሕገ ወጥ አለው። ፈንዱ ስለ ፓርቲ ብቻ አይደለም።

«የሚከፍለው ዩኒየን ስለሆነ ፓርቲው ይታዘዛል»

ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ግምት ነው። በሌበር ዓመታዊ ጉባኤ ግማሹ ድምፅ የተሳሰሩት ማኅበራትና ድርጅቶች፣ ግማሹ የምርጫ ክልል ቅርንጫፎች ነው። ይህን ያየ ሰው ጉባኤው ከወሰነ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የጉባኤ ውሳኔ ግን የሌበርን መንግሥት አያስገድድም።

በ2002 ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በግል ገንዘብ የሚሠራበት ፒኤፍአይ የተባለው አሠራር በገለልተኛ አካል እንዲመረመር ዩኒሰን ያቀረበው ሐሳብ አመራሩ እየተቃወመው በሰፊ ድምፅ አለፈ። የቶኒ ብሌር መንግሥት ግን ፒኤፍአይን ቀጠለበት። በሴፕቴምበር 2024 ሊቨርፑል ላይም ለጡረተኞች የክረምት ማሞቂያ ድጎማ መቀነሱን የሚቃወም የዩናይት ሐሳብ አለፈ፤ ሚኒስትሮቹ በዚያው ሳምንት «አንመለስም» አሉ። ድጎማው ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 35,000 ፓውንድ ለሆነ ጡረተኞች የተመለሰው በጁን 2025 ነው። በመካከሉ ሌበር ክፉኛ የተመታበት የሜይ 2025 የአካባቢ ምርጫ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ብንሄድ ጃንዋሪ 22 ቀን 1979 አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኛ ሥራ ያቆመው በሌበር መንግሥት ላይ፣ በ5 በመቶ የደመወዝ ጣሪያው ምክንያት ነበር።

ታዲያ ንግግሩ የሠራበት ጊዜ የለም? አለ። በጁላይ 2004 ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማኅበራቱና ፓርቲው ከመቶ በላይ ነጥቦች ላይ ተስማሙ። አንዱ እነሆ፦ በሕግ የሚገባው የአራት ሳምንት ዕረፍት የሕዝብ በዓላትን እንዳይበላ። ይህ በ2007 ወደ 24 ቀን፣ በ2009 ወደ 28 ቀን ከፍ ያለ የዓመት ፈቃድ ሆኖ ሕግ ላይ ወጣ። ዛሬ በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሁሉ የሚያገኘው 28 ቀን የዚያ ውጤት ነው። ልዩነቱ ከሦስት ነገር የመጣ ነው፤ ጥያቄው በቁጥር የተቀመጠ ነበር፣ የቀረበው የ2005 ምርጫ ከመድረሱ በፊት ነበር፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ሰፍሯል። መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ የሚቀርብ «አገልግሎታችንን አድኑልን» የሚል አጠቃላይ ጩኸት ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም።

«ቁልፉ ሚኒስትሩ ጋር ነው»

እንደ ሥራው ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ነርስ ረዳት ደመወዝ ላይ ገለልተኛ የደመወዝ ገምጋሚ አካል ምክር ይሰጣል፣ ሚኒስትሩ ይወስናል፤ ስለዚህ የፓርላማ አባልን መወትወት ትርጉም አለው። የካውንስል መንገድ ጠራጊ ደመወዝ ግን የሚወሰነው ዩኒሰን፣ ጂኤምቢና ዩናይት ከካውንስሎቹ ተወካዮች ጋር በሚደራደሩበት ብሔራዊ ምክር ቤት ነው፤ ሚኒስትር ጠረጴዛው ላይ የለም። በግል ድርጅት የምትሠራ የቤት ለቤት ተንከባካቢን ደመወዝ ኩባንያው ይወስናል፤ ለኩባንያው በሰዓት ምን ያህል እንደሚከፈል የሚወስነው ደግሞ ካውንስሉ ነው። ሦስቱም በአንድ ስብሰባ ለአንድ የፓርላማ አባል ቅሬታ ሲያቀርቡ ቢያንስ የሁለቱ ቅሬታ በ«ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ» ያበቃል።

የጊዜው ነገርም አለ። ካውንስል ሚዛኑን የጠበቀ በጀት ከማርች 11 በፊት ማጽደቅ ሕጋዊ ግዴታው ነው። የሌበር ካውንስለሮች መጀመሪያ በዝግ በቡድናቸው ተሰብስበው ይወስኑና በሙሉ ጉባኤ ላይ አንድ ሆነው ድምፅ ይሰጣሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ባነር ይዞ በር ላይ የቆመ ቅርንጫፍ ካለቀ በኋላ ነው የደረሰው። ገና የሚቆረጠው ሲዘረዘር፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ የገንዘብ ጉዳይ ኃላፊውን ካውንስለር ማግኘት ይሻላል።

«ካውንስለሩ እውነተኛ ግራ ዘመም ቢሆን ኖሮ የበጀት ቅነሳውን እምቢ ይል ነበር»

እምቢ ያሉ ነበሩ። በ1921 የምሥራቅ ለንደኗ ፖፕላር 30 ካውንስለሮች፣ ጆርጅ ላንስበሪን ጨምሮ፣ ከድሃ ሰፈር ተሰብስቦ ለለንደን የጋራ ተቋማት የሚከፈለውን ግብር አንከፍልም ብለው ታሰሩ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተፈቱ፤ የድሆች ድጎማ ወጪም በለንደን ሰፈሮች መካከል እንዲከፋፈል ሕግ ወጣ። በ1985 የሊቨርፑል ካውንስለሮች ተመሳሳይ መንገድ ሞከሩ። 47ቱ በግላቸው ገንዘብ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፣ ከወንበራቸውም ታገዱ።

ዛሬ የገንዘብ ቅጣቱ ቀርቷል፤ እምቢ ማለት ግን ቅነሳውን አያስቀርም፣ የሚቆርጠውን ሰው ይቀይራል። ገቢና ወጪው ካልተመጣጠነ የካውንስሉ የፋይናንስ ኃላፊ በ1988 ሕግ አንቀጽ 114 መሠረት ማስታወቂያ ያወጣል፤ በሕግ ግዴታ ከሆኑ አገልግሎቶች በቀር አዲስ ወጪ ይቆማል። በርሚንግሃም በሴፕቴምበር 2023 ይህን አወጣ። ከምክንያቶቹ ዋናው ለሴቶች ሠራተኞች ያልተከፈለ የእኩል ክፍያ ዕዳ ነበር። ከወር በኋላ ከማዕከላዊው መንግሥት ኮሚሽነሮች ተላኩ። በ2025 መጀመሪያ ካውንስሉ በቆሻሻ መኪኖች ላይ የነበረ አንድ የሥራ መደብ ሰረዘ፤ መደቡ ቢቀጥል አዲስ የእኩል ክፍያ ክስ ያመጣል ሲል ተከራከረ። ዩናይት ይህን ሳይቀበል ቀረ፣ አባላቱ ደመወዛችን ይቀንሳል አሉ፣ ከማርች 11 ጀምሮም ሙሉ አድማ ሆነ። ካውንስሉን ሌበር ይመራ ነበር፣ ዩናይት ደግሞ ከሌበር ትልልቅ ለጋሾች አንዱ ነው። አድማውን ያየ ሰው «ወዳጅነቱ የት ሄደ?» ይላል። ነገር ግን ካውንስለሩ ሠራተኛውን ቢወድም ባይወድም በእጁ ያለው ሕግ ያው ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ «ቅነሳውን ትቃወማለህ ወይ?» አይደለም፤ «የትኛው መጠባበቂያ ገንዘብ ይንቀሳቀስ? የትኛው የአማካሪና የኤጀንሲ ወጪ ይቁም?» የሚለው ነው። ከ500 ፓውንድ በላይ የሆነ የእንግሊዝ ካውንስል ወጪ በሙሉ በድረ ገጹ ላይ መውጣት ስላለበት፣ ቁጥሩን ከስብሰባው በፊት ማግኘት ይቻላል።

«አገልግሎቱ ለግል ኩባንያ ከተሰጠ አበቃለት»

ኮንትራት የሚያልቅበት ቀን አለው። ለንደን ውስጥ ሴንት ሜሪስ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው የኢምፔሪያል ሆስፒታሎች ድርጅት ከ1,000 በላይ የጽዳት፣ የምግብና የተሸካሚ ሠራተኞችን በ2020 ከሶዴክሶ ኩባንያ ወስዶ የራሱ ተቀጣሪ አደረጋቸው። ከዚያ በፊት፣ በ2019፣ ከሌበር ጋር ያልተሳሰረ ትንሽ ማኅበር፣ ዩቪደብሊው፣ አድማ መርቶ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው መዘግየት ነው። ጨረታው ከወጣ በኋላ ፖለቲከኛውም እጁ ይታሰራል። ኮንትራቱ የሚያልቅበትንና ሊራዘም የሚችልበትን ቀን ከካውንስሉ የኮንትራት መዝገብ ይፈልጉ፤ ከ5,000 ፓውንድ በላይ የሆነው ሁሉ መታተም አለበት። ካልተገኘ በመረጃ ነጻነት ሕግ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። «የንግድ ምስጢር» የሚል መልስ ከመጣ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ የሕዝብ ጥቅም መመዘን ግዴታ ነው። ከዚያ ቢያንስ ዓመት ተኩል ሲቀረው ለካውንስለሩ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ከጨረታ በፊት በራሳችን ብንሠራው ስንት ያወጣል የሚል ንጽጽር ይሠራ። አሠሪ ሲቀየር ሠራተኛውን የሚጠብቀው ቲዩፒኢ የተባለው ደንብ ደመወዝንና የሥራ ዘመንን እንጂ ጡረታን በሙሉ እንደማይሸፍንም አይርሱ።

«ችግራችንን በደንብ ካስረዳን ይበቃል»

የፓርላማ አባል በቀን ብዙ የሚያሳዝን ነገር ይሰማል። የሚያስነሣው ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ወረቀት ነው። የቤት ለቤት ተንከባካቢን ምሳሌ እንውሰድ። በቀን 12 ቤት፣ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ፤ የተከፈለው 6 ሰዓት ነው። በቤቶቹ መካከል 11 ጉዞ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ፤ ያልተከፈለ 2 ሰዓት ከ45። በሰዓት 13 ፓውንድ ቢከፈላት 78 ፓውንድ ለ8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተካፍሎ በሰዓት 8 ፓውንድ ከ91 ፔንስ ይመጣል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የነበረው የአዋቂዎች ዝቅተኛ ደመወዝ 12 ፓውንድ ከ21 ነበር፤ በቀጠሮዎች መካከል ያለ ጉዞም ለዝቅተኛ ደመወዝ ሲሰላ የሥራ ሰዓት ነው። ስሌቱ በክፍያ ወቅቱ ተደምሮ ስለሚታይ የአንድ ቀን ሳይሆን የሙሉ ወር ሮታ (የሥራ ሰዓት ሰሌዳ) እና የደመወዝ ወረቀት ያቅርቡ። የደንበኞችን ስምና አድራሻ አጥፉ፤ ይህን የዘነጋ ሠራተኛ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

ጥያቄው ደግሞ አንድ ይሁን። ዩኒሰን በ2012 ያወጣው የእንክብካቤ ቻርተር የጉዞ ሰዓት እንዲከፈልና የ15 ደቂቃ ጉብኝት ደንብ እንዳይሆን ይጠይቃል። ካውንስለሮች ቻርተሩን ይፈርማሉ፣ ይጨበጨባል፣ ኮንትራቱ ውስጥ ግን አይገባም፤ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ «ይፈረም» ብቻ ሳይሆን «በሚቀጥለው ጨረታ ውስጥ ይግባ፣ ካውንስሉም በየሩብ ዓመቱ የኤሌክትሮኒክ ሮታውን ይመርምር» በሉ። ከስብሰባው በነጋታው ሰውየው ቃል የገባውን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ኢሜይል ላኩለት።

«ፓስፖርት ስለሌለኝ ማን ይሰማኛል?»

የፓርላማ አባል በምርጫ ክልሉ የሚኖረውን ሁሉ ያገለግላል፤ መራጭ መሆን አይጠይቅም። ኢሜይል ሲልኩ አድራሻና ፖስት ኮድ ይጻፉ፤ ካልጻፉ በሌላ ክልል ነዋሪነት ታልፈው ሊቀሩ ይችላሉ። በእንግሊዝ የኢትዮጵያ ዜጋ በካውንስል ምርጫ አይመርጥም፤ በስኮትላንድና በዌልስ ግን ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ለካውንስሉም ለየአገሩ ፓርላማም መምረጥ ይችላል። ካርዲፍና ግላስጎ ያላችሁ፣ ተመዝግባችኋል?

«ለፖለቲከኛ ከተናገርኩ እባረራለሁ»

የሕዝብ ጥቅም የሚነካ ጥፋት የሚያጋልጥን ሠራተኛ የሚጠብቅ ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ። በ2014 የፓርላማ አባላት አቤቱታ እንዲቀበሉ በሕግ ከተሰየሙት አካላት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ነገሩ በመሠረቱ እውነት ነው ብሎ በምክንያት ያመነ ሠራተኛ ለእነርሱ ቢናገር ጥበቃ አለው። ካውንስለር ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የጋዜጣ ሰው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። መናገር ያለባችሁ ነገር ከባድ ከሆነ መጀመሪያ የዩኒየን ተወካያችሁን አማክሩ፣ ከዚያ ለፓርላማ አባሉ በጽሑፍ አቅርቡ፣ የላካችሁበትን ቀንና ቅጂውንም ከሥራ ኮምፒውተር ውጭ አስቀምጡ።