ፐዝል ፕላትፎርመር ምንድን ነው? ስልሳ ጊዜ ስለሞትክ ፐዝል አይሆንም

ሰሞኑን አንዱ ሱፐር ሚት ቦይ ስለሚባለው ጌም ሲያወራ «አንዱን ሌቭል ስልሳ ጊዜ ሞቼ ነው ያለፍኩት፣ እንዲህ ያለ ፐዝል አይቼ አላውቅም» አለ። ስልሳ ጊዜ መሞቱን አምነዋለሁ። እኔም ሞቻለሁ። ግን ወንድሜ፣ ፐዝሉ፣ አስበህ የምትፈታው እንቆቅልሽ ማለቴ ነው፣ የቱ ጋ ነው? የሚገድልህ መጋዝ ይታይሃል፣ መድረሻው ይታይሃል፣ መንገዱም ግልጽ ነው። ያነሰህ ጣት እንጂ ሐሳብ አይደለም።

ይሄን ነገር ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ጌም ቤት በነበረኝ ጊዜ በየቀኑ እሰማው ነበር። አሁን ማታ ማታ የራሴን ትንንሽ ሌቭሎች ስለምሠራ ጭራሽ ያንገበግበኛል። ከባድ የሆነ ሁሉ ፐዝል ይባላል።

ፕላትፎርመር እየሮጥክ እየዘለልክ የምታልፈው ጌም ነው፣ ከዚያ በላይ አላወራም። ማሪዮን አንዴ የነካ ያውቀዋል። ጥያቄው ከፊቱ የገባችው «ፐዝል» ምን ትሠራለች ነው።

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ውሃ የሚሻገረውን ሰውዬ ታስታውሱታላችሁ አይደል? እሱን ሰውዬ አምጥታችሁ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ አቁሙትና የደንገል ታንኳ ስጡት። ታንኳው ከእሱ ሌላ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ወደ ባሕር ዳር መሻገር አለበት። አሁን ሰውዬው የጣና ልጅ ይሁን፤ ጉማሬው የት እንደሚተኛ የሚያውቅ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የማይደነግጥ፣ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ እንኳ ቀዝፎ የሚወጣ። ምን ይጠቅመዋል? ነብሩን ካስቀደመ ፍየሏ ቅጠሉን ትበላለች፤ ቅጠሉን ካስቀደመ ደግሞ ነብሩ ፍየሏን። የሚያወጣው ክንዱ አይደለም። ለፍቶ ያሻገራትን ፍየል መልሶ ማምጣት እንዳለበት ሲገባው ብቻ ነው የሚወጣው። 7 ጉዞ፣ አለቀ።

መቅዘፉ ፕላትፎርመሩ ነው። ፍየሏን መመለሱ ፐዝሉ ነው። ሁለቱ አንድ ታንኳ ላይ ሲሳፈሩ ነው ፐዝል ፕላትፎርመር የሚባለው።

በ2008 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣውን ብሬድ የሚባለውን ጌም ውሰዱ። ጊዜን እንደፈለግህ ወደ ኋላ መመለስ ትችላለህ፤ ሞት ራሱ ይሰረዛል። አንድ ቦታ ላይ ቁልፍ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ከገባህ በዝላይ አትወጣም። የፈለግከውን ያህል ዝለል፣ አትወጣም። ግን ቁልፉ አረንጓዴ ያበራል፣ አረንጓዴ የሚያበራ ነገር ደግሞ ጊዜ ሲመለስ አብሮ አይመለስም። ስለዚህ ትገባለህ፣ ቁልፉን ትይዛለህ፣ ጊዜውን ትመልሳለህ። አንተ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትመለሳለህ፣ ቁልፉ ግን እጅህ ላይ ነው። ፍየሏ ተመለሰች ማለት ይሄ ነው።

አሁን የጉድጓዱን አፈታት ስለነገርኳችሁ አበላሽቼባችኋለሁ፤ ይቅርታ። መለያውም እሱ ነው። መልሱ ሲነገርህ ጨዋታው ካለቀ ፐዝል ነበር። ሚት ቦይን ወይም የ2018ቱን ሴለስትን ግን ከዳር እስከ ዳር ዩቲዩብ ላይ አይተህ ና፣ ያው ትሞታለህ።

«መቼ እንደምዘል ማሰብስ ፐዝል አይደለም?» ይላል ያ ስልሳ ጊዜ የሞተው ሰው። አይደለም። ሞገዱ እስኪያልፍ ጠብቆ መቅዘፍ ያው ቀዘፋ ነው፤ ጥሩ ቀዘፋ፣ ግን ቀዘፋ። ማንም አልናቀብህም እኮ! ጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሌቭል የሚሠሩ ጓደኞቼ አይለቁኝም። ድንበሩ ሁሌ ጥርት ያለ አይደለም። የዴንማርኮቹ ሊምቦ፣ የ2010ሩ፣ ወጥመዱን የሚያሳይህ ከገደለህ በኋላ ነው። ሞትህ ፍንጭ ነው። ታንኳው ከሰመጠ በኋላ ጉማሬ መኖሩን እንደመስማት፤ እኔ አልወደውም። መንገድ የምትዘጋብህ ግዙፍ ሸረሪት ጋ ስትደርስ ግን ዛፍ ላይ የነበረው ወጥመድ መሬት ይወድቅና የምታጫውተው ልጅ እየገፋ እግሯ ሥር ያደርሰዋል። ሊገድልህ የተሠራውን ነገር መሣሪያ ማድረግ! ለዚያች ብቻ ይቅር ብዬዋለሁ።

ሌላም አለ። ፐዝሉ የገባው ሰው ዝላይ አቅቶት ከቀረ ጥፋቱ የሠሪው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጌሞች ጠርዙን ከለቀቅህ በኋላ እንኳ ለጥቂት ፍሬም (ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ የሚቀያየረው አንዱ ምስል ነው) ዝላይ የሚፈቅዱልህ። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ፍሬም ነው፣ አይታወቅህም። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ ምስሉን ራሱ ያዘገያል። ጌም ቤቴ ውስጥ አንዱ ነበረኝ፣ ስንት ጆይስቲክ ያለ ጥፋቱ ተሰድቦበታል። ቲቪው ላይ ጌም ሞድ የሚባል ካለ አብሩት፣ ይሄ ከርዕሱ ውጪ ነው ግን አብሩት።

  

የብሬዱን ጉድጓድ ጌም ቤቴ ውስጥ አንድ ተማሪ ሰዓት ሙሉ ሲዘልበት አይቻለሁ። አልነገርኩትም፤ ከፍሏል፣ ይዝለል። መጨረሻ ላይ መብራት ጠፋ። ቲቪው ጥቁር ሆነ፣ ሁሉም እየተነጫነጨ ወጣ፣ እሱም ቦርሳውን አንስቶ በሩ ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። «ቆይ... ቁልፉ አይመለስም እንዴ?» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

መብራቱ እስከ ማታ አልመጣም። እሱ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።