«ከገባ ይሠራል»፦ ስለ ኮምፒውተር ኬብሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ኮምፒውተር ጥገና። ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ ሳይቀር ዕቃቸውን ተሸክመው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ይሆናል። ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ሰው ለአንድ ገመድ ሲል ያን ሁሉ ዳገት ሲመላለስ አንጀቴን ይበላኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

«ጫፉ ከገባ ኬብል ሁሉ አንድ ነው»

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይህ ነው። ጫፉ የሚነግራችሁ የት እንደሚሰካ ብቻ ነው። ውስጡ ስንት ሽቦ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚችል አይናገርም። ታይፕ ሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣ የጫፍ ቅርጽ ነው እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። ከስልክ ጋር የሚሰጠው ታይፕ ሲ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 2.0 የሚባለው የቆየና ቀርፋፋ ዓይነት ነው። ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ኬብል ግን 10፣ አንዳንዱም 40 ጊጋቢት ያሳልፋል።

ባለፈው አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ሃርድ ዲስኩን ይዞ መጣ። «ሊሞትብኝ ነው፤ 60 ጊጋባይት ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» አለኝ። የደንበኛ ሰርግ ነው ያለበት፤ ፊቱ ጠቁሯል። ዲስኩን ፈተሽኩት፤ ምንም አልሆነም። የራሱ ኬብል ጠፍቶበት በድሮ ስልክ ቻርጀር ገመድ ነበር የሚጠቀመው። የዚህ ዓይነት ዲስክ መሰኪያ ሰፋ ያለና ሁለት ክፍል ያለው ነው። የስልኩ ገመድ በትልቁ ክፍል ልክክ ብሎ ይገባል። ይሠራልም፤ ግን በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት። ትክክለኛውን ኬብል አምጥቼ ላፕቶፑ ላይ ካለው ሰማያዊ መሰኪያ ጋር አገናኘሁት። ሰማያዊ ቀለም ብዙ ጊዜ የዩኤስቢ 3 ምልክት ነው። ያው ሥራ በ10 ደቂቃ ገደማ አለቀ።

«ቻርጅ ካደረገ ዳታም ያስተላልፋል»

የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ግን የዳታዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የሏቸውም። ስልኩ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ሶፍትዌር ከማስጫናችሁ በፊት ሌላ ገመድ ሞክሩ።

«የላፕቶፕ ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል»

ደህና የተሠራ ታይፕ ሲ ቻርጀር በ5 ቮልት ይጀምራል። ስልኩ ካልጠየቀው ከፍ አያደርግም። ይልቅ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ተራ ታይፕ ሲ ገመድ የሚችለው እስከ 3 አምፒር፣ ማለትም እስከ 60 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ላፕቶፕ ውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ባለ 5 አምፒር ገመድ ይፈልጋል። ላፕቶፑ ቀስ ብሎ ከሞላ ባትሪ ለመቀየር አትቸኩሉ።

«ወርቅ የተቀባ ኤችዲኤምአይ ምስል ያጠራል»

አያጠራም። ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ ወደ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን የሚወስድ ኬብል ነው። ምልክቱ ዲጂታል፣ ማለትም በቁጥር የሚላክ ስለሆነ በትክክል ከደረሰ ምስሉ ያው ነው። ኬብሉ ካልቻለ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያወጣል ወይም ይጠፋል። ለተለመደ ሞኒተር የሁለት ሜትር ርካሽ ኬብል ይበቃል።

«መቀየሪያው በሁለቱም በኩል ይሠራል»

በዚህ የሚቸገሩት ከሁሉም በላይ መምህራን ናቸው። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ቪጂኤ፤ ሁለቱን ለማገናኘት መቀየሪያ ይገዛሉ። ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አናሎግ መገናኛ ነው፤ ድምፅ አይሸከምም። ስለዚህ መሃል ላይ ምልክቱን የሚተረጉም ቺፕ ያስፈልጋል፤ ቺፑ ደግሞ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ያንኑ መቀየሪያ ከድሮ ዴስክቶፕ ወደ አዲስ ቴሌቪዥን ገልብጣችሁ ብትሰኩት ምንም አይታይም። ሱቅ ስትሄዱ «ከዚህ ወደዚያ» ብላችሁ ግዙ።

«የኔትወርክ ኬብል ሁለቱ ጫፎች ከተመሳሰሉ የቀለሙ ቅደም ተከተል ግድ የለም»

ይህን ከባለሙያም እሰማለሁ፤ ያናድደኛል። ስምንቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱት በምክንያት ነው። ግምዱ ከጎን የሚመጣውን ረብሻ ይቀንሳል። መሰኪያው ላይ 1ኛውና 2ኛው አንድ ጥንድ፣ 3ኛውና 6ኛው ሌላ ጥንድ መሆን አለባቸው። በዘፈቀደ ከተደረደሩ ጥንዶቹ ይፈርሳሉ። አጭር ከሆነ ሊሠራ ይችላል፤ ሲረዝም ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። የተለመደው አደራደር ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ።

ርዝመቱም ገደብ አለው፤ 100 ሜትር። ጊቢው ሰፊ ከሆነ መሃል ላይ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) ይግባ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ የሚዘረጋ የመዳብ ኬብል ግን በእኛ ደጋ ያስፈራኛል። መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወድቅ በሽቦው የሚገባው ኃይል ስዊቹንም ኮምፒውተሩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማይሸከም ለዚህ ቦታ የሚሻለው እሱ ነው። መዳቡ ከተዘረጋ ደግሞ ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ገና ደመናው ሲጠቁር ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት።