አንደኛ የወጣች ሁሉ አለቃ ትሁን ያለው ማነው?

"ልጄን የላክኳት ልትማር ነው፤ ስብሰባ ልትቀመጥ አይደለም።" የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ጅማ ውስጥ ሴቶች ብቻ በሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አስተምራለሁ፤ ክበባትንም አስተባብራለሁ። ስለ ተማሪ መሪነትና ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባለው ነገር ሰልችቶኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

"ክበብ ውጤት ይጥላል።" ክበብ እኛ ጋ በሳምንት አንድ ከሰዓት ነው። የልጅቷን ጊዜ የሚበላው እንጀራው፣ ውሃው፣ ታናናሾቿን መጠበቁ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወቅት የስንቷ ወንበር ባዶ ይውላል! ያኔ ስለ ውጤቷ ተጨንቆ የመጣ ወላጅ አላየሁም።

"ወንድ በሌለበት የሴቶች ክበብ ምን ይሠራል?" የወር አበባ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የመንገድ ላይ ለከፋ፤ ወንድ ተማሪ ስለሌለ እነዚህ ቀሩ እንዴ?

"የክበብ ሰርተፊኬት ዩኒቨርሲቲ ያስገባል።" አያስገባም። የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። እንደ ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ያሉ ስኮላርሺፖች ግን መሪነትንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ያያሉ። እዚያም ቢሆን ምን እንደሠራች መናገር ካልቻለች ወረቀቱ አያድናትም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "መሪ መሆን ያለባት አንደኛ የወጣችው ናት።" ይህን የሚሉት ወላጆች ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት! የሙያ ባልደረቦቼም ይሉታል። መስከረም ላይ የአምናው ደረጃ ይወጣል። አንደኛዋ አለቃ፣ ሁለተኛዋ ምክትል፣ አለቀ። ምርጫ የለ፣ ጥያቄ የለ። ከዚያ አለቃዋ ዓመቱን ሙሉ የረባሽ ስም ትጽፋለች። ጎበዟን ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እናቆራርጣታለን፤ ለሌሎቹ ደግሞ መሪነት ማለት ማሳጣት ነው ብለን እናስተምራቸዋለን።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከአጋሮ በኩል የመጣች፣ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር። ደረጃዋ መካከለኛ፣ ጠዋት ጠዋት አርፋጅ። ማንም ለአለቃነት አላሰባትም። ቤተ መጻሕፍታችን በምሳ ሰዓት ይቆለፍ ነበር። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ልጆች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። እሷ ሄዳ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ለምን እንደሚዘጋ ጠየቀቻት። ሴትዮዋም ምሳ መብላት አለባት፤ መጽሐፍ ቢጠፋ ደግሞ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ልጅቷ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሆነው በር ላይ የሚቀመጡ ልጆችን ተራ አወጣች፣ ስማቸውን አስፈርማ ለርዕሰ መምህሩ አቀረበች። ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። እኛ መምህራን በዚያ በር ስንመላለስ ኖረን ትዝ ብሎን አያውቅም።

ስለዚህ መምህራን፣ ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ። ኃላፊነቱንም በየሴሚስተሩ አቀያይሩት። ዝምተኛዋንም አንድ ትንሽ ሥራ ሰጥታችሁ እዩዋት። የረባሽ ስም መያዝ ካስፈለገ እናንተ ያዙ፤ ደመወዝ የሚከፈላችሁ ለእሱም ጭምር ነው።

"አገልግሎት ማለት ግቢ መጥረግና እንግዳ ማስተናገድ ነው።" እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹን ነጭ አስለብሰን ቡና እናስፈላቸዋለን። ቡና ማፍላቱን የጅማ ልጅ ከእኛ አትማርም! የታችኛውን ክፍል ሒሳብ ታስጠና፤ በቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ትማር፤ ሚኒ ሚዲያ ላይ ትናገር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማሩ ነው። ቤት ለቤት ሄዶ ሰው ማነጋገርን ቀድማ የለመደች ልጅ እዚያ ስትደርስ አይከብዳትም።

በአንድ ነገር ግን ወላጆች ልክ ናችሁ፤ ማምሸቱ ያሰጋል። ስብሰባ ከ10 ሰዓት ተኩል ካለፈ ልጅቷን አትቆጧት፤ ደውላችሁ እኛን ተቆጡን።