በጀልባ ሞተር ላይ የሚይዘው የብልጭታ ሳህን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በሚመላለሱ ጀልባዎች ላይ ዛሬም አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያጋጥማል። በብዙዎቹ ላይ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ሥር አንድ የሚዞር ሳህን አለ፤ እጀታው ነዳጅ ሲሰጥ ሳህኑ በቀጭን ዘንግ እየተገፋ ይዞርና ካንዴላው ብልጭታውን ቀደም አድርጎ እንዲሰጥ ያደርጋል፣ እጀታው ሲመለስም አብሮ ይመለሳል። ይህ ሳህን ሲይዝ፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞር ሲል፣ በየዳርቻው የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው።

«ሚኒሞው (እጀታው ተመልሶ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አልወርድ ካለ ጥፋቱ የካርቡራቶር ነው።» ጀልባው ወደ መቆሚያው ተቃርቦ፣ ታንኳዎች ከፊቱ እያሉ፣ እጀታው ቢመለስም ሞተሩ መጮሁን ሲቀጥል ወዲያው የሚፈታው ካርቡራቶር ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሞተሮች ሚኒሞን የሚወስነው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን የብልጭታው ጊዜም ስለሆነ፣ ሳህኑ ወደፊት እንደሄደ ከቀረ ዙሩ አይወርድም። በተቃራኒው ወደኋላ እንዳለ ከያዘ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶና የካንዴላ ገመዶቹ ተነቅለው ሽፋኑ ይነሣ፤ አንድ ሰው እጀታውን ቀስ ብሎ ሲያዞር ሌላው ከቮላኖው ጠርዝ ሥር አጎንብሶ ሳህኑ ሳይንገራገጭ መሄዱንና መመለሱን ይመልከት። ካልተመለሰ ዘንጉ ከሳህኑ ይላቀቅና ሳህኑ በጣት ይሞከር፦ በቀላሉ ከዞረ ጥፋቱ በዘንጉ ወይም በነዳጅ ገመዱ ላይ ነው፤ እንቢ ካለ ከሥሩ ነው። ከሳህኑ የሚወጡት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በእርጅና ደርቀው ሳህኑን እንደ ሞላ ወደኋላ የሚስቡበት ጊዜም አለ፤ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

«የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ምንም አይዝም።» ጨው አለመኖሩ እውነት ነው፤ ትልቅ እፎይታም ነው። ሆኖም ሳህኑን በብዛት የሚያሲዘው ለዓመታት ሳይለወጥ ቆይቶ እንደ ሰም የደረቀ ግሪስ ነው። ክረምቱን ሳይሠራ በቆመ ሞተር ላይ ደግሞ ከሽፋኑ ሥር የሚጠራቀመው እርጥበት አሉሚኒየሙን ነጭ ዱቄት ያስተፋዋል።

«ዘይት ቢረጩበት ይለቃል።» ለአንድ ሳምንት ሊለቅ ይችላል። የሚረጨው ዘይት የቀረውን ግሪስ አጥቦ አቧራ ስለሚሰበስብ ግን ተመልሶ ይይዛል። የሚበጀው ቮላኖውን አውርዶ፣ የሳህኑን መቀመጫ አጽድቶ፣ አምራቹ ያዘዘውን ግሪስ በስሱ መቀባት ነው።

«ቮላኖው በመዶሻ ይወርዳል።» አይገባም፤ በውስጡ ያሉት ማግኔቶች ይሰነጠቃሉ ወይም ይላቀቃሉ። በመንቀያ መሣሪያ ይውረድ፤ በወረደ ጊዜም ቮላኖው በሚቀመጥበት የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ ያለችው ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ቁራጭ ብረት ትታይ፣ ምክንያቱም እሷ በትንሹም ብትቆረጥ ሳህኑ ደኅና ሆኖ ሳለ የብልጭታው ጊዜ ይዛባል።

«ጣና ከፍታ ላይ ስለሆነ ብልጭታውን ማስቀደም ጉልበት ይጨምራል።» ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱን የሚቀንሰውም ይኸው ነው። መፍትሔው ለከፍታው የሚስማማ የነዳጅ ልኬትና የውኃ መቅዘፊያ ነው። የሳህኑን ማቆሚያ ቡሎን በግምት አላቅቆ ብልጭታውን ማስቀደም ፒስተን እስከ መብሳት ያደርሳል።

«ይህ ሳህን በሁሉም ሞተር ላይ አለ።» የለም። የብልጭታውን ጊዜ በኤሌክትሮኒክስ በሚያስተካክሉ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ከቮላኖው ሥር የሚዞር ነገር ስለሌለ፣ በእነርሱ ላይ ሚኒሞ አልወርድ ሲል መጀመሪያ የሚመረመሩት የነዳጅ ገመዱና አየር የሚያስገባ የተቀደደ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ናቸው።