ኳስ አውጥቶ መመለስ፦ ሕግ ነው ወይስ ልማድ?

በእግር ኳስ ጨዋታ ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ፣ ኳሱን የያዘው ቡድን ሆን ብሎ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ተጋጣሚውም የእጅ ውርወራውን ሲያገኝ ኳሱን መልሶ ይሰጣል። ብዙ ታዳጊዎች ይህን የጨዋታው ሕግ ያዘዘው ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ዳኛው ከባድ ጉዳት ሲያይ ጨዋታውን እንዲያቆም ያዛል እንጂ ኳስ ስለመመለስ የሚለው ነገር የለም። መመለሱ የስፖርታዊ ጨዋነት ልማድ ነው፤ በመሆኑም ለታዳጊዎች የሚጽፍ ሰው ኳስ ያልመለሰውን ተጫዋች «ሕግ ጣሰ» ሊለው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1999 በእንግሊዙ የኤፍኤ ዋንጫ ውድድር አርሰናልና ሼፊልድ ዩናይትድ 1 ለ 1 ሳሉ የሼፊልድ ግብ ጠባቂ ለተጎዳ ባልደረባው ሲል ኳሱን አወጣ። የአርሰናሉ ሬይ ፓርለር ለመመለስ ሲወረውረው፣ ለክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርግ የነበረው ንዋንኮ ካኑ ደርሶበት ለማርክ ኦቨርማርስ አሻገረለትና ግብ ተቆጠረ። የሼፊልድ ተጫዋቾች እጅግ ቢቆጡም፣ ዳኛው ግቡን የሚሽርበት የሕግ አንቀጽ አልነበረም። የአርሰናል አሠልጣኝ አርሰን ቬንገር ግን ጨዋታው እንዲደገም ራሳቸው ጠየቁ፤ ይህ በእኔ እምነት ከየትኛውም ትርጓሜ በላይ ልዩነቱን ለልጅ የሚያስረዳ ነው። ጥያቄው ተፈቅዶ በድጋሚው ጨዋታ አርሰናል በዚያው ውጤት፣ 2 ለ 1 አሸነፈ።