ቶሚ ጆን ሐኪም አይደለም፦ ስለ ቤዝቦል ክርንና ካርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች

አሜሪካ የሚኖር ሰው ቤዝቦል ወዳድ የሥራ ባልደረባው «እገሌ ቶሚ ጆን ተሠራ» ሲል ሰምቶት ይሆናል። ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደረገ ማለቱ ነው። በዚህ ዙሪያ ከሚወራው ብዙው ስህተት ነው። ወሬው ካርድ ሰብሳቢዎች ጋ፣ ማለትም የተጫዋቾች ፎቶ ያለበትን ካርድ የሚሰበስቡና የሚሻሻጡ ሰዎች ጋ፣ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቶሚ ጆን ቀዶ ጥገናውን የፈለሰፈው ሐኪም ነው»

ሐኪሙ ሳይሆን ታካሚው ነው። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግራኝ ፒቸር ነበር። በ1974 ጨዋታ ላይ እያለ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው ግራ ክርኑ ውስጥ ተከሉለት። የመመለስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ተብሎ ነበር። 1975ን ሙሉ ሳይጫወት ቆየ። በ1976 ተመለሰና እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጡ ናቸው።

«ቀዶ ጥገናው ክንድን ያፈጥናል»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ጤነኛ ልጃቸውን ለማሠራት የሚያስቡ ወላጆች እንኳ አሉ። ጉድ ነው! አዲሱ ጅማት የተበጠሰውን ይተካል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። አንዳንዱ ከበፊቱ አፍጥኖ እየወረወረ የሚመለሰው በረጅሙ የማገገሚያ ጊዜ እግሩንም ትከሻውንም ስላጠነከረ ነው። ወይም ጅማቱ ቀስ በቀስ እየተጎዳ ፍጥነቱ ቀድሞ ወርዶ ስለነበረ ነው። ጨርሶ የማይመለስም አለ። ጃፓናዊው ኮከብ ሾሄ ኦታኒ በ2018 ተሠርቶ በ2023 ያው ክርኑ እንደገና ቀዶ ጥገና አስፈልጎታል።

«ጥፋቱ የከርቭ ቦል ነው»

ከርቭ ቦል አየር ላይ የሚታጠፍ ውርወራ ነው። አላባማ ያለ የስፖርት ሕክምና ተቋም ታዳጊ ፒቸሮችን 10 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በዓመት ከ100 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወሩት ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በልጅነት ከርቭ ቦል መጀመር ግን ጉዳትን እንደሚያበዛ ጥናቱ ማሳየት አልቻለም። ዋናው ጣጣ ብዛቱና ድካሙ ነው።

«ፒቸሩ ከተጎዳ ካርዱ አበቃለት»

የዋሽንግተን ናሽናልሱን ፒቸር ስቲቨን ስትራስበርግን እንይ። በ2010፣ በትልቁ ሊግ አንድም ኳስ ሳይወረውር፣ አንድ ካርዱ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት 14 መቺዎችን ባዶ እጃቸውን መለሰ። ነሐሴ ላይ ጅማቱ ተበጠሰ። ያኔ ካርዱን በኪሳራ የሸጠ ሰው በ2019 ሳይቆጨው አልቀረም፤ ስትራስበርግ የዓለም ሲሪስ፣ ማለትም የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ኮከብ ሆኗላ። ዋሽንግተን አካባቢ የነበረ ሐበሻ የዚያን ሰሞኑን ቀይ ማሊያ ያስታውሳል። ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመና ጉዳት እየደጋገመው ከዚያ በኋላ 8 ጨዋታ ብቻ ወረወረ።

ብዙ ሰብሳቢ ለመቺዎች ካርድ የሚያደላው ይህን ስለሚፈራ ነው። እንዲያም ሆኖ የፒትስበርጉ ፒቸር የፖል ስኪንስ አንድ ካርድ በ2025 በ1.11 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከዓይነቱ አንድ ብቻ ነው የታተመው።

«ያረጀ ካርድ ሁሉ ውድ ነው»

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተመው ካርድ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ዛሬም ርካሽ ነው። ያረጀ ካርድ ሁሉ የአንድ ኮከብ ብቻም አይደለም፦ ቶሚ ጆን ራሱ ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1964 ባወጣው ካርድ ላይ ብቻውን እንኳ አይደለም። ቦብ ቻንስ ከሚባል ጀማሪ ጋር ነው የወጣው።